የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ያጎደለብኝን 13 ነጥብ እንዴት እንዳስመለስኩ

ባለሙያዎችን በቋሚ ነዋሪነት ለሚቀበለው የካናዳ የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኞች መርሐ ግብር ከጎንደር ሆኜ ቅጹን ስሞላ፣ የመጣልኝ ምላሽ መስፈርቱን አያሟሉም የሚል ነበር። ማለፊያው ከ100 67 ነጥብ ሲሆን፣ በእኔ ስሌት ግን ለዕድሜ 12፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ 21፣ ለእንግሊዝኛ 24፣ ለሥራ ልምድ 13፣ በድምሩ 70 ማግኘት ነበረብኝ።

የቋንቋ ፈተናዬን ውጤት ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ነው ጥፋቱን ደብዳቤው ላይ ያገኘሁት። አሠሪዬ «ከመስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈውን፣ ተርጓሚው ወሮቹን ወደ ሴፕቴምበርና ጁን ለውጦ ዓመቶቹን እንዳሉ ትቷቸዋል፤ እኔም ከሰነዱ ጋር እንዲስማማ ብዬ ያንኑ ሞልቻለሁ። የሚቆጠረው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 10 ዓመታት የተገኘ ልምድ ብቻ ስለሆነ፣ 5 ዓመት ከ10 ወር የደከምኩበት ሥራ ከነጭራሹ ሳይቆጠር ቀረ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋን፣ «እህቴ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉልኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ ሳይሰለቹም ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2016 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2022 የሚል አዲስ ደብዳቤ አዘጋጁልኝ። የሥራ ዝርዝሬ፣ ደመወዜና የሳምንቱ 40 ሰዓት እንዲካተቱ፣ ማህተሙም ቀኑን እንዳይሸፍን አደረግን። ፒያሳ በሌላ ተርጓሚ አስተርጉሜ ቅጹን ሳስተካክል ወዲያው ተቀበለኝ። አሁን አመልካቾችን በደረጃ የሚያሰልፈውን፣ ከ1,200 የሚታሰበውን ሌላውን ነጥብ ይዤ የማመልከቻ ግብዣ እየጠበቅሁ ነው።