ከደሴ ወደ ባንኮክ፦ ጉዞውን ከወዲሁ ማቀድ

ከወሎ ወደ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ልብስና ሸቀጥ ሊያመጣ የተነሳ ነጋዴ፣ ከአስታማሚው ጋር ሕክምና የሚሻ ታማሚ ወይም አገር ማየት የፈለገ ጎብኚ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ብዙውን ጊዜ ዕቅዳቸውን የሚጀምሩት ከአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ነው። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድመው ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ በየትኛው ወር እሄዳለሁ? የማርፈውስ በየትኛው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ብርዳማ ከተማ ስትሆን፣ ባንኮክ ግን በቻው ፕራያ ወንዝ ዳር፣ ከባሕሩ ብዙም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ የዋለ ሰው «ሙቀት አውቃለሁ» ይል ይሆናል፤ የባቲው ሙቀት ግን ደረቅ በመሆኑ ጥላ ሲያገኙ ቀለል ይላል፣ የባንኮኩ እርጥበት ያዘለ ስለሆነ ምሽትም አያበርደውም። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ማለትም እኛም አገር በጋ በሆነበት ወቅት፣ መሄድ ከሁሉ ይመረጣል። መጋቢትና ሚያዝያ እጅግ ይሞቃሉ። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ሲሆን የሚበረታውም መስከረም ላይ፣ የወሎ ክረምት በሚወጣበት ጊዜ ነው። ነጋዴዎች በተለይ ሊያስታውሱት የሚገባው ሶንግክራን የተባለው የታይላንድ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ድረስ ሕዝቡ በየመንገዱ ውኃ ሲረጫጭ ይውላል፣ ብዙ ሱቆችም ይዘጋሉ።

ወደ ማረፊያው ስንመጣ፣ የባንኮክ የመኪና መጨናነቅ ቀን የሚበላ ነው። ከዚህ የሚያድነው እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረው፣ ከመንገዱ በላይ በድልድይ የሚሄደው ባቡርና በ2004 የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ልብስ በጅምላ የሚገዛ ሰው ፕራቱናም በተባለው የገበያ ሰፈር ቢያርፍ፣ ከሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሳው ባቡር ተሳፍሮ ራቻፕራሮፕ ጣቢያ ላይ በመውረድ ከሰፈሩ አቅራቢያ ይደርሳል። ሙሉ መስመሩ ከግማሽ ሰዓት በታች ይፈጃል። ለሕክምና የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሆስፒታሉን ይወስን፣ ከዚያም ለሆስፒታሉ የሚቀርበውን ጣቢያ በካርታ ላይ ይፈልግ። ለጎብኚው ደግሞ ሳፋን ታክሲን ጣቢያ ይስማማዋል፤ ከባቡሩ ወርዶ በቀጥታ ወደ ወንዝ ጀልባ ይሻገራልና። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ በርካሽነቱ ተታልዬ ከጣቢያ የራቀ ክፍል ይዤ ነበር፤ ከአልጋው ዋጋ የቆጠብኩት ሁሉ በታክሲ አለቀ። በነገራችን ላይ ቱክቱክ የሚሉት ባለሦስት እግር ከእኛ ባጃጅ ጋር ዘመድ ቢሆንም፣ ለእንግዳ ሰው ሜትር ከሚያስቆጥር ታክሲ ይልቅ ሊወደድ ይችላል፤ ዋጋውን ሳይቆርጡ አይሳፈሩ።

ከሰነዶች መካከል ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው ይሁን። የቪዛው ደንብ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለሆነ በሰው ወሬ ሳይሆን ከታይላንድ ኤምባሲ ወይም ከመንግሥቱ የኦንላይን ቪዛ ገጽ ያረጋግጡ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ግዴታ ነው፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ከመድረስዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ የዲጂታል መግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት ይሙሉ። አገልግሎቱ በነጻ ስለሆነ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎት ይውጡበት።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሰውን የሚያሳስተው ቀኑ ነው። በ12ኛው ቀን 00:30 ተብሎ የተጻፈ በረራ የሚነሳው 11ኛው ቀን መሽቶ ከሌሊቱ 6፡30 ላይ ነው፤ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው ብለን ለምናስብ ሰዎች ይህ ወጥመድ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና ሙሉ ቀን ስለሚወስድ፣ በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ በኩል ቢሄዱም እንኳ አንድ ቀን ቀድመው ቢደርሱ ይሻላል። ባንኮክ ከእኛ በአራት ሰዓት ትቀድማለች።

ምግቡ ብዙዎችን ያሳስባል። ሙስሊም ተጓዦች ሱኩምቪት መንገድ ላይ ናና ጣቢያ አጠገብ በሚገኘው ሶይ 3 በተባለው ቅያስ አካባቢ የዓረብ ምግብ ቤቶችን ያገኛሉ፣ በሌላውም ሰፈር የሐላል ምልክት ያለበትን መፈለግ ይቻላል። የሚጾም ክርስቲያን ደግሞ «ጄ» የሚለውን ቃል ይያዝ፤ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ማለት ሲሆን ብዙ ጊዜ በቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ፊደል ተጽፎ ይታያል። ያለዚያ አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥ ሁሉ የዓሣ መረቅ ሊኖርበት ይችላል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው። በርበሬና ሽሮ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፣ ቋንጣውን ግን ቤት ይተዉት። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በታይላንድ የተከለከለ ነው፤ ንጉሡን መዝለፍም በእስራት ያስቀጣል።

አንድ ቀን ለታላቁ ቤተ መንግሥትና 46 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጋደም ያለው የቡድሃ ምስል ለሚገኝበት ለዋት ፎ ቤተ መቅደስ ይመድቡ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል፤ ጫማ ማውለቁን ለወሎ ሰው መንገር አያሻም። በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰድህ» የሚል ሰው ቢመጣ አልፈውት ይሂዱ፣ የታወቀ ማታለያ ነው። ቻቱቻክ የተባለው ሰፊ ገበያ የሚደምቀው ቅዳሜና እሑድ በመሆኑ የቆይታ ቀናትዎ አንዱን ያካትቱ።

ዕቃ ገዝተው የሚመለሱ ከሆነ ደረሰኞቹን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይፈለጋሉና። ታይላንዶች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት ከአውሮፓው 543 ዓመት አስቀድመው በመሆኑ፣ 2026 እነርሱ ዘንድ 2569 ነው። ደረሰኝዎ ላይ ይህ ቁጥር ቢገኝ ስሕተት ስላልሆነ ለተቆጣጣሪው ያስረዱ፤ መድኃኒት ከገዙም የማብቂያ ቀኑን ሲያነቡ ይህንኑ ያስቡ።