ፖርትሬት በሬበርን ዘዴ፦ ሳይነድፉ በቀጥታ በብሩሽ

የስኮትላንዷ ኤድንብራ ከተማ ሠዓሊ ሄንሪ ሬበርን (እ.ኤ.አ. 1756–1823) ፖርትሬት (የሰው ፊት ሥዕል) ሲሠራ በእርሳስ አይነድፍም ነበር፤ ብሩሹን ይዞ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይገባል። ከወርቅ አንጥረኛ ዘንድ ጥቃቅን ሥራ የተማረ ሰው እንዲህ ሰፊ ምት መውደዱ ይገርማል። ዘዴውን ለሚሞክር ከእጅ ይልቅ እግር ይደክማል።

ቅድሚያ ለብርሃኑ። ሬበርን በኤድንብራው ዮርክ ፕሌስ ጎዳና በነበረው ስቱዲዮው የመስኮቱን ብርሃን የሚመጥነው በመዝጊያዎች ነበር። እናንተ የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ፤ ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ከቅንድብና ከአፍንጫ ሥር ጥርት ያለ ጥላ ይወጣል። ሌላ መስኮት ክፍት ከቀረ ጥላው ይሳሳና ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። የሰሜን መስኮት ይመረጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ስስ ነጭ መጋረጃ ጨምሩበት።

ለራስና ለትከሻ 76 በ63 ሴንቲ ሜትር ሸራ ይበቃል። የሚሣለውን ሰው ከፍ ባለ መድረክ ላይ አስቀምጡ፤ ሸራውን ከጎኑ አቁሙ። ከሸራው ቁመት 3 እጥፍ፣ ማለትም 2.3 ሜትር ያህል፣ ወደ ኋላ ሂዱና ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። የምታዩት ከዚያ ብቻ ነው፦ ምቱን ወስኑ፣ ተራምዳችሁ አስቀምጡ፣ ተመለሱ። ሸራው ሥር ቆሞ ሰውየውን ማየት መጠኑን ያዛባል፤ የእይታ ቦታው ተቀይሯልና። አፍንጫ የሚጣመመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ሬበርን በግንባር፣ በአገጭ፣ በአፍንጫና በአፍ ይጀምር ነበር። 2 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ጠፍጣፋ ብሩሽ መጀመሪያ ጥላዎቹን ጣሉ፤ ሽፋሽፍትና የዓይን ብልጭታ መጨረሻ ይደርሳሉ።

የቀለም ገበታው አጭር ነው፦ ነጭ፣ ቨርሚሊየን (ደማቅ ቀይ)፣ ጥሬና የተቃጠለ ሲየና (ቢጫማና ቀይማ ቡናማ የአፈር ቀለሞች)፣ ክሪምሰን (ጥልቅ ቀይ)፣ ፕሩሺያን ሰማያዊ (ጥቁርማ ሰማያዊ)፣ ጥቁር። ቨርሚሊየን ሜርኩሪ ስላለበት በካድሚየም ቀይ ተኩት። ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ብቻ ንኩ፤ ትንሹ የቆዳውን ቀለም ሁሉ ይውጣል።

ማቅጠኛውን ግን አትቅዱ። ሬበርን የሊድ (የእርሳስ ብረት) ጨው፣ ማስቲክ ቫርኒሽ (ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ማብረቂያ) እና የተልባ ዘይት ይቀላቅል ነበር፤ ሊዱ መርዝ ነው፣ ማስቲክ የገባበት ቀለም ደግሞ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያውን ንብር በተጣራ አኳራጅ አቅጥኑ፣ የተልባ ዘይቱን በላይኛው ላይ ጨምሩ። ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል።

4 ወይም 5 ቀጠሮ ያዙ። ሰውየው በሌለበት ልብሱንም እንኳ አትሣሉ።