ስለ አማራጭ ነዳጅ ስናወራ የምንሰራቸው ስህተቶች (በተለይ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ያንብበው)

ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ማደያ ሰልፍ ላይ የማይነሳ ነገር የለም፣ ኤታኖል ይሻላል፣ የለም ኤሌክትሪክ ነው፣ ሃይድሮጅን መጣላችሁ ምናምን። ወሬው ጥሩ ነው፣ ግን ከዋጋው አልፈን የአየር ንብረቱን ጉዳይ ስናነሳ ሁሌ እነዛኑ ስህተቶች ነው የምንደጋግመው፣ ነገሩ ደሞ የልጆቻችን ዝናብ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው በጭስ መፍረድ ነው። ሀረጎን (ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት) እየጮኸ የሚወጣ አይሱዙ ጥቁር ጭስ ሲለቅ አፍንጫችንን እንይዛለን፣ ጭስ የሌለው ሲያልፍ ንጹህ ነው እንላለን። ጥቁሩ ጥላሸት ነው፣ ሳንባ ይጎዳል፣ ሙቀትም ይጨምራል፣ ግን ዋናው ጥፋተኛ ካርቦንዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል፣ ቤንዚን 2.3 ገደማ። ሊትሩ ራሱ ኪሎ አይሞላም ታዲያ ይሄ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ካርቦኑ ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው። ኖዝል (ናፍጣውን ሞተር ውስጥ የሚረጨውን) ማስተካከል፣ ፊልትሮ መቀየር ጭሱን ያጠፋዋል፣ ሊትሩ ከተቃጠለ ግን ካርቦኑ መውጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ከተክል የመጣ ሁሉ ንጹህ ነው ማለት። መነሻው ልክ ነው፣ ተክሉ ሲቃጠል የሚለቀው ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ነው። ግን ማዳበሪያው፣ ትራክተሩ፣ ፋብሪካው ይቆጠራል፣ ከሁሉም በላይ ደሞ መሬቱ። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል (ለነዳጅ የሚሆን አልኮል) ከሞላሰስ ነው የሚወጣው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ የነበረው እሱ ነው፣ የስኳር ተረፈ ምርት ስለሆነ አዲስ መሬት አልጠየቀም። ኢንዶኔዥያ ላይ እንደሆነው ጫካ ተመንጥሮ፣ ረግረግ ደርቆ ፓልም (የዘይት ዘንባባ) ሲተከል ግን አፈሩ ውስጥ የኖረው ካርቦን ስለሚለቀቅ ናፍጣን የሚያስመሰግን ነገር ይሆናል። ከዘሩ የነዳጅ ዘይት የሚወጣው ጃትሮፋም እንደዛው፣ ባቲ አካባቢ በአጥርነት ሲተከል ጥሩ ነው፣ የማሽላ ማሳ ላይ ልትከል ሲባል ግን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ 66ን ያዩ አባቶችና እናቶች በየቤቱ አሉን።

ደሞ የምግብ ዘይት ናፍጣ ውስጥ መገልበጥ አለ። ባዮዲዝል (ከዘይት የሚሰራው የናፍጣ ምትክ) ማለት ዘይት ማለት አይደለም፣ ዘይቱ በኮስቲክ ሶዳ አጋዥነት ከሜታኖል ጋር ተዋህዶ ግሊሰሪኑ ከወጣለት በኋላ ነው። ጥሬው ዘይት ወፍራም ነው፣ ኖዝል ላይ በደንብ አይበተንም፣ ሳይቃጠል የቀረው እየጠቆረ ይጋገራል። የደሴ ሰው ይሄን ለማየት ላብራቶሪ አይፈልግም፣ በህዳር ጠዋት የሚረጋውን ዘይት ጄሪካን ይክፈትና ይይ፣ ነጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ጸሃይ ካልመታው አይቀዳም። እሱ ነገር ፓምፕ ውስጥ ሲገባ አስቡት።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ። "መብራቱስ በምን ይመነጫል?" የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፣ ስህተቱ መልሱን ከሌላ አገር መበደር ነው። በከሰል ድንጋይ መብራት የሚያመነጭ አገር ጥቅሙ ይቀንሳል፣ እኛ ጋ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው። ባትሪው ሲሰራ ብዙ ካርቦን ይወጣል፣ ስለዚ መኪናው እዳ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እዳውን የሚከፍለው በኪሎሜትር ነው። ግቢ ቆሞ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚወጣ መኪና ቶሎ አይከፍልም፣ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ባጃጅ ግን ቶሎ ይከፍላል። መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪክ መግባት ያለበት ለኔ ባጃጁና ሚኒባሱ ነው። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ቻርጅ ማድረግ ደሞ ያው ናፍጣ ማቃጠል ነው፣ ራሳችንን አናታል።

"ዳገት አይችልም" የሚሉም አሉ፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባለት) የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምንወጣው፣ ሁለት ቶን መኪና ለከፍታው ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፣ ያን ያህል አያስፈራም፣ ሲወርድ ደሞ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል። በናፍጣ መኪና ያ ጉልበት ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ሀረጎን ወርዶ የፍሬን ሸራው የሸተተው ያውቀዋል። እዚህ ላይ ሹፌሮች የሚሳሳቱት ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልቶ መውረድ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ፍሬኑም ስራውን ለብቻው ይሸከማል። 80 ምናምን ላይ ነቅላችሁ ውረዱ፣ አብሽሩ ትደርሳላችሁ።

ሃይድሮጅን? ዛሬ ዓለም ላይ አብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ስሙ አያታላችሁ። የተፈጥሮ ጋዙ ራሱም በቧንቧ ካፈተለከ ሚቴን ነው፣ በ20 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦንዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የመጨረሻው ነው፣ ነገሩን የቤት መኪና ጉዳይ ብቻ ማድረግ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ሁሉም ስለ አውቶሞቢል አወራ፣ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ስለሚገባው ተሳቢ ግን ማንም አላነሳም። ለዛ ጭነት ከነዳጅ መቀየር በፊት ባቡር ነበረን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ሀራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎሜትር ሃዲድ ከመጀመሪያውም በኤሌክትሪክ እንዲሄድ ነው የተሰራው፣ ብረት በብረት ላይ ስለሚንከባለል ለአንድ ቶን የሚፈልገው ጉልበት ከከባድ መኪና በብዙ ያንሳል። ሃዲዱ ተዘርግቶ መብራት ሳይገባለት ቆየ፣ ከዛ ጦርነቱ መጥቶ ጎዳው። የከተማ ስብሰባ ላይ እድል ካገኛችሁ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ከመጠየቃችሁ በፊት የባቡሩ መብራት የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ፣ በስም ጠይቁ፣ መልሱንም አስጽፉት።