15 ስል 50 እንዳይሰማ ያደረግኩት
ስብሰባ ላይ በእንግሊዝኛ ቁጥር በጠራሁ ቁጥር «ይቅርታ፣ ስንት አልክ?» የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ቀርቷል። ቀስ ብሎ መናገር አልረዳኝም፤ የረዳኝ የቃሉን የትኛውን ክፍል እንደምረግጥ፣ ማለትም በጉልበት እንደማወጣ፣ ማወቄ ነው። አማርኛ ስንናገር ክፍለ ቃላቱን ከሞላ ጎደል በእኩል ጉልበት እናወጣቸዋለን። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ረገጥ፣ ሌላውን ለቀቅ ያደርጋል።

«ፊፍቲ» ሲባል የሚረገጠው መጀመሪያው ነው። «ፊፍቲን» ለብቻው ሲነገር ደግሞ ጉልበቱ «ቲን» ላይ ያርፋል። ወጥመዱ ግን ስም ሲከተለው ነው፤ «ፊፍቲን ዴይስ» ስንል ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ወደ መጀመሪያው «ፊፍ» ይሸሻል። ስለዚህ በመርገጥ ብቻ አልተማመንም፤ «ቲን»ን ሳብ አድርጌ መጨረሻዋን «ን» በግልጽ አሰማለሁ። ጉዳዩ ገንዘብ ወይም ቀነ ገደብ ከሆነ «ዋን ፋይቭ» ብዬ አሃዞቹን እደግማለሁ። አያሳፍርም፤ አብራሪዎችም በሬዲዮ ብዙ ቁጥሮችን አሃዝ በአሃዝ ነው የሚጠሩት።

«ካን» እና «ካንት»ም እንዲሁ ናቸው። በተለይ በአሜሪካኖች አነጋገር የመጨረሻዋ «ት» እምብዛም አትሰማም። አዎንታዊው «ክን» ተብሎ ይታለፍና ተከታዩ ግስ ይረገጣል፤ አሉታዊው አናባቢው ሙሉ ነው። «ካን»ን ከረገጥነው ሰሚው «አልችልም» ያልን ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ከባድ ከሆነ «ካኖት» እላለሁ።

የምለማመደው በስልኬ የድምፅ መጻፊያ ነው። ከዐውዱ ስለሚገምት ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር አልሰጠውም፤ ቃሏን ብቻ።