ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቷ ላይ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ አይገርምም። የሚያባብሰው አፍ ከፍቶ በደረት ብቻ ማለክለክ ነው። የቀደመው አየር ሳይወጣ ሌላ ይደረብበትና ሳንባ ይጨናነቃል።

ቁሙ፤ ዱላችሁን ወይም ጉልበታችሁን ተደግፋችሁ ጎንበስ በሉ፤ ትከሻችሁን ልቀቁት። እስከ 2 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፤ እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈራችሁን አሞጥሙጣችሁ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። በኃይል አትንፉ፣ ያዞራል።

ልምምዱን ግን ዳገት ላይ አትጀምሩት፤ ቤት ውስጥ በጀርባ ተኝታችሁ፣ አንድ እጅ ሆድ፣ ሌላው ደረት ላይ፣ ጠዋትና ማታ 5 ደቂቃ። ከፍ ማለት ያለበት ሆድ ላይ ያለው እጅ ነው።

ቁጭ ብላችሁም ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ግን መቁጠሩን ተዉትና ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ።