ፌርመንተርን በእንፋሎት ማምከን

ባለ 100 ሊትር ፌርመንተር (ረቂቅ ተሕዋስያን የሚራቡበት ዝግ ጋን) ከ70 ሊትር በላይ አይሞላም፤ አረፋው ቦታ ይፈልጋል። የፒኤች (የአሲድነት መጠን) ሴንሰሩን አስቀድማችሁ በፒኤች 7 እና በፒኤች 4 ባፈር (ፒኤቹ የታወቀ ማስተካከያ ፈሳሽ) አስተካክሉ። የጎማ ቀለበቶቹን በጣት ዳብሱ፤ የተሰነጠቀ ካለ ይቀየር።

እንፋሎት ሲገባ የላይኛው መውጫ ክፍት ይሁን። አየር ታምቆ ከቀረ ግፊቱ ትክክል እያሳየ ሙቀቱ ግን 121 ዲግሪ አይደርስም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን እመኑ። (ለ121 ዲግሪ በባሕር ጠለል 1 ባር ገደማ ማሳየት የሚበቃው የግፊት ጌጅ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 1.3 ያህል ማሳየት አለበት።) 121 ሲደርስ 30 ደቂቃ ቁጠሩ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ሲቀዘቅዝ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውሃ ሲመለስ ጋኑ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል፤ ያልተጣራ አየር በመጋጠሚያዎቹ ይሳባል፣ ጋኑም ሊጨረማመት ይችላል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሳይወርድ በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ ያለፈ አየር አስገቡ፤ ግፊቱን 0.3 ባር ላይ ያዙ። የኦክስጅን ሴንሰሩ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው።