ሽፍታ እያለ «ነጻ ነህ» የሚለው የላይም ምርመራ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በጋ ላይ ጓሮ ሣር ያጨደ ሰው መዥገር ይዞ ቢገባ ብርቅ አይደለም። አገር ቤት ከብት ላይ የምናውቀው ዓይነት አይምሰላችሁ። ያላደገችው መዥገር ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ስትነክስም አትታወቅም። ላይም በእንዲህ ዓይነቷ መዥገር ንክሻ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ አንዱ ምልክቱም እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ነው።

ሽፍታው ወጥቷል፣ ውጤቱ ግን ኔጌቲቭ ነው

ምክንያቱ፦ ቸኩላችኋል። የተለመደው የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነታችን እሱን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ (ጀርም የሚዋጋ ፕሮቲን) ነው። ሽፍታው ከተነከስን ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። አንቲቦዲው በምርመራ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

መፍትሄው፦ ላይም በሚበዛበት አካባቢ ሐኪሙ ሽፍታውን አይቶ ብቻ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሊጀምርላችሁ ይችላል። የላብራቶሪ ወረቀት መጠበቅ የለበትም። ለእኛ ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሞላው ፎቶ ነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ቀይ ክብ ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ፣ ተመትቶ የበለዘ የሚመስል ሊሆን ይችላል፤ ሐኪምም ያልፈዋል። በየቀኑ ፎቶ አንሡት። እየሰፋ ከሄደ ያንን አሳዩ፤ «ላይም ይሆን እንዴ?» ብላችሁም ጠይቁ። ሽፍታ ሳይኖር ጥርጣሬ ብቻ ካለ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራው ይደገም።

ፖዘቲቭ ነው፣ ሕመሙ ግን ላይም አይመስልም

ምክንያቱ፦ የመጀመሪያው ምርመራ ሌላውንም ላይም ነው ብሎ ይይዛል። ቂጥኝ፣ ሉፐስ፣ የእኛው ግርሻም ሊያሳስቱት ይችላሉ። ግርሻ ለላይም የአክስት ልጅ ነው፤ ሁለቱንም የሚያመጡት ቦሬሊያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በቅርቡ አገር ቤት ግርሻ ይዟችሁ ከነበረ ተናገሩ።

መፍትሄው፦ «ሁለተኛውስ ምን አለ?» በሉ። ምርመራው በሁለት ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ካልደገፈው አይቆጠርም። ሕመሙ ከጀመረ ወር ካለፈው ደግሞ አይጂኤም (መጀመሪያ የሚወጣው አንቲቦዲ) ብቻውን ፖዘቲቭ መሆኑ አያሳምንም። ያን ጊዜ አይጂጂ (ቆይቶ የሚወጣው አንቲቦዲ) መታየት አለበት።

ታክሜ ድኛለሁ፣ አሁንም ፖዘቲቭ ይላል

አንቲቦዲው ከዳኑም በኋላ ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። መዳናችሁን በዚህ ምርመራ አትለኩት፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ሐኪሙ የሚያየው የሚሰማችሁን ነው። «ላይምን በሽንት ምርመራ እናገኛለን» የሚሏችሁንም እለፏቸው።